የዝኒ ከማሁ ባለቤት

ቢሮ ውስጥ «እርስዎ» እለው ነበር። እዚህ «እሱ» እለዋለሁ። ስሙን ግን አልጽፍም። ፈርታ ነው የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

ፍኖተ ሰላም ከነበሩት የዞን ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ነበርሁ። ጸሐፊ ስል ሌላው ያሰበውን የምትተይብ ማለቴ ነው። ክፍሌ ከበርበሬ ወፍጮ ጋር ግድግዳ ይጋራል። መስኮት አለው፤ አይከፈትም። አዲሱ በርበሬ ከቡሬ በኩል መግባት ሲጀምር መስኮቱን የከፈተ ሰው ኮምፒዩተሩ ላይ እስኪደፋ ያስነጥሰዋል። ስለዚህ አንዱ ቸንክሮታል። እኔ ስመደብ ምስማሩ ዝጎ ነበር። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እዚያ ነው። በበርበሬው ወራት ዓይኔ እያለቀሰ እተይባለሁ፤ ባልደረቦቼ በበሩ ብቅ እያሉ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብሽ?» ይሉኛል። ቀልዱ በየዓመቱ አንድ ነበር።

እሱ የመጣው የቀድሞው ኃላፊ በግምገማ ሲነሣ ነው። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ስብሰባ ላይ የሚሰማ ድምፅ። ትእዛዙን ሁሉ «ተግባብተናል?» ብሎ ይዘጋል፤ መልስ ግን አይጠብቅም። በዚያ ዘመን ዞኑም ወረዳውም የየራሱን የታሪክና የባህል መጽሐፍ ያሳትም ነበር፤ እሱም አንድ ፈለገ። ቀድሞ ለአንድ ዐውደ ጥናት ያዘጋጃት ስለ አካባቢው ቅኔ ቤቶች የምታወራ ጥናት ነበረችው፤ በፎቶ ኮፒ የተባዛች፣ ቀጭን፣ ከሌላ መጻሕፍት የተለቃቀመች። እሷን አስፋፍቶ መጽሐፍ ሊያደርግ አሰበ። ሠራተኞቹን «ሽማግሌ አነጋግሩ» ብሎ ላካቸው። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቦርሳ ያንጠለጠለ የመንግሥት ሰው ሲጠይቀው ሽማግሌው ሁሉ «አላስታውስም» ይላል፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ መሬት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃላ።

እኔ ነኝ አፌን የከፈትሁት። «ከቡሬ ወዲያ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ አሉ» አልሁ።

መሪጌታው አባቴ ነበሩ። አባቴ ናቸው አላልሁም።

ቢሮ ባለው ማኅደሬ ላይ የተጻፈው የአባቴ የዓለም ስም ነው። በአገራቸው የሚጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው። ሁለቱ ስሞች አንድ ሰው መሆናቸውን በቢሮው የሚያውቅ አልነበረም፤ እንዳይታወቅም ተጠንቅቄያለሁ። ምክንያቱም መሬት ሲሸነሸን አባቴ «ቢሮክራት» ተብለዋል። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበሩ፤ ፈልገውት ሳይሆን በቀበሌው ብዕር መያዝ የሚችል ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ከቤተ ክርስቲያንና ከማሳ በቀር የሚውሉበት ቢሮ ኖሯቸው የማያውቁ ሰውዬ ቢሮክራት ተብለው መሬታቸው ተቆርጦ ለሌላ ተሰጠ። የቢሮክራት ልጅ መሆኔ ቢታወቅ በየግምገማው የምነሣው እኔ ነበርሁ። ስለዚህ ዝም አልሁ። አልጸጸትበትም፤ ዝም ያሰኙኝ ይጸጸቱ።

የቢሮውን ቴፕ ይዤ ሄድሁ። የአባቴ ዓይን ያን ጊዜ ደክሞ ነበር፤ ቴፑን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ይህን ማን ሊሰማው ነው?» አሉኝ።

«መጽሐፍ ሊሆን ነው፣ አባ።»

«እንዲያ ከሆነ ከማን እንደ ሰማሁት ይጻፍ።»

«እንዴታ፣ የእርስዎ ስም ይጻፋል።»

«የእኔ ስም ምን ያደርግልኛል አንች! የመምህሬ ይጻፍ እንጅ። እኔ አፍ ነኝ፤ ነገሩ የእሳቸው ነው። ያለ እሳቸው ስሜን ብትጽፊው ሌባ አድርገሽኛል ማለት ነው። እሽ በይኝ።»

«እሽ።»

«ማይልኝ።»

ማልሁላቸው። ይህን ቀልድ አድርጎ የሚያይ ሰው ቅኔ ቤት አልዋለም። እዚያ ሰው ሲመጣ «ምን ታውቃለህ?» ተብሎ አይጠየቅም፤ «ከማን ነህ?» ይባላል። ከማን እንደ ተማረ ያልተናገረ ሰው የተናገረው ሁሉ እንደ ተሰረቀ ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ አወሩኝ። መምህራቸው ወንበር ዘርግተው ያስተምሩበት ስለነበረው ዋርካ፤ አንድ ቤት ቶሎ ቶሎ እየተንኳኳ እንዳይሰለች ተማሪው መንደሩን ተከፋፍሎ እንዲለምን ስለ ደነገጉት ሥርዓት፤ ዝናብ ሲሆን የተማሪዎቹ የቅጠል ጎጆ እንዴት እንደሚያፈስ። አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበረች አሉኝ፤ ተማሪ ሲመጣ ውሻዋን የምትፈታ። አንዱ ተማሪ ስሟን አግብቶ ቅኔ ተቀኘላት። ሰሙ ቸርነቷን ያወድሳል፤ ወርቁ እሷንና ውሻዋን አንድ ያደርጋቸዋል። ሴትየዋ ሰሙን ብቻ ሰማችና ደስ ብሏት ቅኔ ቤቱን ሁሉ ጠርታ ደገሰች። ተማሪዎቹ ሳቃቸውን ከእንጀራው ጋር እየዋጡ በሉ። መምህሩም አብረው በሉ፤ ሲመለሱ ግን ባለ ቅኔውን «ውሻው ምን በደለህ?» ብለው ገሠጹት። አባቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ራሱ የመምህራቸው ይመስለኝ ነበር።

ሁሉንም ገልብጬ ተየብሁት። የመጀመሪያውን የግርጌ ማስታወሻ አባቴ እንዳሉት ጻፍሁ፦ ስማቸውን፣ የተናገሩበትን ቦታ፣ ቀጥሎም «ከመምህራቸው ከመሪጌታ እገሌ እንደ ሰሙት» ብዬ የመምህራቸውን ስም። ረጅም ማስታወሻ ነበረች፤ አምሮባታል። ከእሷ በኋላ አባቴ በተጠቀሱበት ቦታ ሁሉ እንደ ደንቡ «ዝኒ ከማሁ» አልሁ። ግዕዝ ነው፤ ይህም እንደ እሱ ነው ማለት ነው። የዚህም ምንጭ ከላይ የጠራሁት ነው ለማለት ይጻፋል። የራሱ ስም የለውም፤ ከበላዩ በተጻፈው ስም ይኖራል።

እሱ ረቂቁን ሲያይ ግርጌውን አያነብም ነበር። ዓይኑ እዚያ የሚወርደው የገጹን ቁጥር ለማየት ብቻ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ባሕር ዳር ነበር። ገጽ የሚያዘጋጀው ሰውዬ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ እስክሪብቶ ከጆሮው የማይለይ፣ ተጫዋች ሰው ነው። ፍላሼን ሰክቶ መጽሐፉን ሲከፍተው ግማሹ ፊደል ባዶ ሳጥን ሆነ።

«እትዬ፣ ይሄ መጽሐፍ ነው ወይስ የለስላሳ መጋዘን?» አለኝ። «የኔ ፕሮግራም የናንተን አይወድም። ጌጡን ሁሉ አውልቀሽ ፕሌን ቴክስት አድርጊልኝ። ድምቀት የለ፣ ማዝመም የለ፤ ፊደል ብቻ።»

«የግርጌ ማስታወሻውስ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የሰጠሽኝን ነው የማስቀምጥ።»

ተመልሼ እንዳለው አደረግሁ። ጉድ ሆነ። ከቃሉ ጫፍ ላይ ከፍ ብላ የተቀመጠችው ትንሽ ቁጥር ወርዳ ከአጠገቧ ካለው ጋር ተጣበቀች፤ ከዓመተ ምሕረት ጋር በተጣበቀችበት ቦታ አንድ አለቃ ገና ባልመጣ ዘመን የሞቱ ሆነው ተገኙ። ማስታወሻዎቹም ከየቤታቸው ወጥተው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ተከመሩ። የትኛው የማን እንደ ሆነ አይታወቅም።

ዘዴውን ያገኘሁት ራሴ ነኝ። እያንዳንዱን ማስታወሻ ከግርጌው አንሥቼ ከሚመለከተው ቃል አጠገብ፣ ጽሑፉ መካከል አስገባሁት፤ ከፊቱም ከኋላውም ይህን ምልክት አደረግሁ፦ ፨። በድሮ መጻሕፍት የምዕራፍ መዝጊያ ነው፤ በእኛ መጽሐፍ ውስጥ የትም ስላልነበረ ከምንም ጋር አይምታታም። ሰውዬው በሁለቱ ፨ መካከል ያለውን እያነሣ ግርጌ ያስቀምጣል፤ ቁጥሩንም በየገጹ ራሱ ይሰጠዋል። በስልክ ሳስረዳው ሳቀ፤ «አበባ በአበባ አደረግሽው በይኛ! ይሁን፣ ይሠራል» አለኝ። ዓይኔ እየተቃጠለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ማስታወሻ ሳላሳስት አስገባሁ። የአባቴ ስምና የመምህራቸው ስም ከግርጌ ወጥተው ከጽሑፉ እኩል ተቀመጡ። ለጊዜው መሆኑን ባውቅም ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ ነው ያጠፋን። ከመላኩ በፊት እሱ «አትመሽ አምጪው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልየው» አለ። አሁን ማስታወሻው ሁሉ በመንገዱ ላይ ተቀምጧል። ሳይረግጠው ማለፍ አይችልም።

ጠራኝ። ጣቱ ከስሙ ላይ ነበር።

«ይሄ መሪጌታ ከቡሬ ወዲያ ያለው ነው? የገበሬ ማኅበር ጸሐፊ የነበረው?»

«እሱን አላጣራሁም።»

«እኔ ልንገርሽ። ቢሮክራት ነው። የመሬት ሽግሽጉ ጊዜ እኔ ራሴ ኮሚቴ ነበርሁ፣ እዚያው ቀበሌ። ስሙን ሳየው ነው ትዝ ያለኝ።» ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። «የቢሮክራት ስም በመንግሥት መጽሐፍ! ከነመምህሩ አውጪልኝ። ተግባብተናል?»

የአባቴን መሬት የቆረጠው ኮሚቴ ውስጥ እሱ እንደ ነበረ ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ፊቴ ላይ ምን እንደ ታየ አላውቅም። በርበሬው ይሸፍነኛል ብዬ ተማመንሁ።

«ቃላቸውስ ይውጣ?» አልሁ።

«ቃሉ ለምን ይወጣል? ቃሉ ጥሩ ነው። ስሙን ነው ያልሁሽ።»

ወደ ክፍሌ ገብቼ በሁለቱ ፨ መካከል ያለውን ደመሰስሁ። ምልክቶቹም ባዶ ለባዶ ተፋጠው ስለቀሩ አጠፋኋቸው። ወደ ታች ስወርድ የመጀመሪያው ዝኒ ከማሁ መጣ። ቆምሁ። አሁን ከበላዩ ያለው ማን ነው? ወደ ላይ ተመለስሁ። ከተደመሰሰው በፊት የነበረው ማስታወሻ የእሱን ጥናት የሚጠቅስ ነበር፤ ስሙ ከነማዕረጉ። ከዚያ በታች ያለው ዝኒ ከማሁ በሙሉ፣ ዋርካውም፣ የመንደሩ ክፍፍልም፣ የውሻዋ ሴትዮም፣ አንድ ሳይቀር የእሱ ሆነ።

ተመልሼ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያፍር መስሎኝ ነበር። ሰው ያልሰማውን ሰማ መባልን ይጠላል ብዬ፤ የመሪጌታ ልጅ አይደለሁ! ስሙን ለመመለስ ካልፈለገ እንኳ «አንድ ሽማግሌ እንደ ተናገሩት» በይ ይለኛል ብዬ ነበር።

«ዝኒ ከማሁዎቹ ወደ እርስዎ ጥናት ዞሩ» አልሁት።

«ማለት?»

አስረዳሁት። ወረቀቱን ሳበና በጣቱ ከአንዱ ዝኒ ከማሁ ወደ ሌላው ይሄድ ጀመር።

«ይሄ የኔ ሆነ?»

«አዎ።»

«ይሄም? የሴትየዋ ቅኔ?»

«እሱም።»

እስከ መጨረሻው ገልጦ ዘጋው። ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ እስከ ዛሬ አየዋለሁ፤ ትንሽ ነበር፤ ሳይጠብቅ ስጦታ የደረሰው ሰው ፈገግታ። «እኔ አልጻፍሁት፤ ራሱ ነው የመጣው» አለ። «ይቆይ። ያስጠናሁትስ እኔ አይደለሁ? ተግባብተናል?»

በሩ ላይ ስደርስ «ደግሞ ምደባው ተቃርቧል» ብሎ ጨመረ። «አንቺን ጥሩ ቦታ አስቤሻለሁ።»

ያን ጊዜ ቢፒአር የሚሉት የመዋቅር ለውጥ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እንደ አዲስ ይመደባል፤ ቦታ ያጣው «ተንሳፋፊ» ይባላል። ተንሳፋፊ የሆነ ሰው በየኮሪደሩ ወንበር ፍለጋ ሲዞር በየቀኑ እናየው ነበር። የመዳቢው ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነው።

ቤት ስገባ ለባሌ ነገርሁት። ባሌ አስተማሪ ነበር፤ የገዥው ድርጅትም አባል።

«ታዲያ ምን ልትይው ነው?» አለኝ። «አባቴ ናቸው ልትይው?»

«ብለውስ?»

«በያ። ከዚያ የቢሮክራት አማች ብለሽ እኔንም እዚያው ግርጌ ጻፊኝ።»

«መምህራቸውን እጠራለሁ ብዬ ምያለሁ።»

«አንቺ ደግሞ! ለመሆኑ እሳቸው መጽሐፉን ሊያዩት ነው? ዓይናቸው እንደሆን አያይ።»

ይህችን ቃል አልተውሁለትም። ዛሬም አብረን ነው ያለን፤ አንድ ገበታ እንቀርባለን። መናገሩንም ረስቶታል። እኔም አንሥቼበት አላውቅም፤ ቢያነበው ያንብበው።

ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ በቡሬ ያልፋል። ከቡሬ ወጣ ሲል ወደ አባቴ አገር የሚያስገባው የእግር መንገድ ከአስፋልቱ ይገነጠላል። ፍላሹን ቦርሳዬ ውስጥ በእጄ ጨብጬ ነበር። «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ አውቶቡሱ እዚያው መንገዱ አፍ ላይ ቆመ። ዶሮ የያዘች ሴት ወረደች። ረዳቱ «ሌላ ወራጅ?» እያለ ወደ እኔ አየ፤ ብድግ ብዬ ነበርና። «የለም» አልሁና ተቀመጥሁ። ወርጄ ምን እላቸዋለሁ? ስምዎን ይዤ ልሸጥ እየሄድሁ ነው?

ማተሚያ ቤት ስደርስ አንድ ነገር ሞከርሁ። «እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ቢጨመር ይቻላል?» አልሁት ያን ባለ እስክሪብቶ።

«ይቻላል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘሽ ነይ።»

«እኔ እኮ ነኝ የተየብሁት።»

«እትዬ፣ አንቺ የተየብሽው ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ግርጌ ሲያወርድ ቆሜ አየሁ። ፨ ምልክቶቼ እየጠፉ ሄዱ። መሀል ላይ አቁሞ «ዝኒ ከማሁ በዛ እኮ» አለ። «ኃላፊያችሁ ግን ያውቃሉ!»

መጽሐፉ የተመረቀው በከተማው አዳራሽ ነው። እሱ ንግግር አደረገ። የውሻዋን ሴትዮ ታሪክ አወራ፤ ወርቁ ስላልገባው ከሰሙ ላይ ሳቀ፤ አዳራሹም አብሮት ሳቀ። የመምህሩን ተግሣጽ ረሳው። አንዱ ተነሥቶ ይህን ሁሉ ዕውቀት ከየት እንዳገኘ ሲጠይቀው «ከሕዝቡ ነው» አለ። ሕዝቡ ጥሩ ምንጭ ነው፤ ስሜን አልጻፍህም ብሎ አይከስም።

ምደባ ሲወጣ እዚያው ክፍል ተመደብሁ። ጥሩ ቦታ ያለኝ እሱን ኖሯል።

ለአባቴ አንድ ቅጂ ይዤ ሄድሁ። ላለመሄድ ብዙ ሰበብ ፈጥሬ ነበር፤ በየሰዉ «መጽሐፉ ወጣ ወይ?» እያሉ ሲያስጠይቁኝ ሰበቡ አለቀ። መደቡ ላይ ተቀምጠው ተቀበሉኝ። መጽሐፉን ወስደው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከፍተው አሸተቱት።

«በይ ከዋርካው ጀምሪልኝ።»

አነበብሁ። አንቀጹ ሲያልቅ ዝም ብዬ ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ከማን ይላል?»

«ግርጌው ላይ ነው አባ፤ ኋላ አነብልዎታለሁ።»

«አሁን አንብቢው።»

«ዝኒ ከማሁ ይላል።»

«እሱስ ደግ። ከማሁ ያለው ማንን ነው? ከበላይ ያለውን አንብቢልኝ።»

ያችን የደመሰስኋትን ማስታወሻ ቃል በቃል አውቃት ነበር። ዓይናቸው አያይም። መጽሐፉን ገልጬ በቃሌ ብወርድላቸው ማን ያውቃል? ባሌ ያለኝ ይህን ነበር። አፌን ከፈትሁ፤ ግን መጽሐፉን ይዞ የሌለበትን ማንበብ አልሆነልኝም። የተጻፈውን አነበብሁ፤ የእሱን ስም ከነማዕረጉ።

«ይህ ያ ገመድ ይዞ የነበረው ልጅ አይደለም?» አሉ። ያን ጊዜ መሬት የሚለካው በገመድ ነበር።

«ነው።»

«መሬቴን ሲለካው መሬቱ የመንግሥት ነው ብዬ ዝም አልሁ። መምህሬንም ለካቸው በይኛ!» ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ግን እንደ ድሮው አልነበረም። «እንግዲህ እኔም የእሱ ደቀ መዝሙር ሆንሁ። በስተርጅና ጥሩ መምህር አገኘሁ።»

«አባ፣ እኔ አይደለሁም። ስምዎ ነበረበት፤ የመምህርዎም ነበረበት። አውጪ አለኝ።»

«አወጣሽ?»

«አወጣሁ።»

«አባቴ ናቸው ብለሽዋል?»

«አላልሁትም።»

«ደግ አደረግሽ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። የአባቴ ንግግር ሰምና ወርቅ ነበረው፤ የዚያን ቀኑን ወርቅ እስካሁን አላገኘሁትም። ልጆች እንዳሉኝ አስበው ከልባቸው «ደግ አደረግሽ» ብለውኝ ይሆናል። ሌላም ሊሆን ይችላል።

«ቀጥይ» አሉኝ። ቀጠልሁ። ዝኒ ከማሁ በመጣ ቁጥር እሳቸው ጣልቃ እየገቡ የመምህራቸውን ስም፣ የመምህራቸውን መምህር ስም፣ እስከሚያውቁት ድረስ ከፍ ባለ ድምፅ ጠሩ። ጎረቤት የፍታት ጸሎት መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። እንዲህ አድርገን ጨረስነው። ከዚያ መጽሐፉን ወደ እኔ ገፉት፤ «ውሰጅው፣ የእኔ አይደለም» አሉ።

እስኪሞቱ ድረስ እየሄድሁ ጠየቅኋቸው። ስለ ልጆቼ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው ያወሩኝ ነበር። የመምህራቸውን ነገር ግን አንድ ቀን አላነሡልኝም። ጀምሬ ስጠይቃቸው «ቴፕ ይዘሻል?» ይላሉ። አልያዝሁም ስላቸው «እንግዲያ ምን ያደርግልሻል» ይሉና ወሬውን ወደ ጎረቤቱ በሬ ይመልሱታል። ስለዚህ እኔም የማውቀው መጽሐፉ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። የአባቴን ቃል ለማግኘት እሱን መግለጥ አለብኝ።

ካሴቶቹ የሉም። ቢሮው ግምገማ ቀርጾባቸዋል። አንዱን ፈልጌ አግኝቼ ሰምቼዋለሁ፤ ሰዎች እየተራረሙ ይከራከራሉ፤ መጨረሻው ላይ ብቻ፣ የግምገማው ቀረጻ ካለቀ በኋላ፣ የአባቴ ሳል ትሰማለች። የድሮው ፋይልም ኮምፒዩተሩን ቫይረስ ሲበላው አብሮ ሄደ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንዲት መምህርት ቡሬ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቤቴ ድረስ መጣች። ስለ ቅኔ ቤቶች ታጠናለች፤ መጽሐፉን እኔ እንደ ተየብሁት ሰምታለች። ጨዋ ልጅ ነች።

«እማማ፣ ስለ ሴትየዋና ስለ ውሻዋ ያለው ታሪክ በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ።

«የአባቴ ነው» አልኋት። ከስንት ዘመን በኋላ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ብዕሯን አነሣች። «የተጻፈ ማስረጃ ይኖርዎታል?»

«ያ ራሱ መጽሐፉ።»

«መጽሐፉማ የሚጠቅሰው የኃላፊውን ጥናት ነው።»

«ጥናቱን አይተሽዋል? እዚያ ውስጥ የለም።»

«ያልታተመ ነው። እሳቸውን ጠይቄያቸው ነበር፤ ቢሮ ሲቀየር ጠፋ አሉኝ።» አፍራ መሬት መሬት አየች። «እማማ፣ እኔ አምንዎታለሁ። ግን ምን ብዬ እጠቅስዎታለሁ? እርስዎ አሁን የሚነግሩኝ እሳቸው ቀድመው ያሳተሙትን ነው።»

ኋላ የጥናቷን አንድ ቅጂ አመጣችልኝ። የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጥሁ። እሱ አለ። ከሥሩ ዝኒ ከማሁ፤ ከሥሩ ዝኒ ከማሁ።

እሱ አሁን ሽምግሏል፤ ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንገናኛለን። ዛሬ እሱ ነው አንቱ የሚለኝ። «እትዬ፣ ደኅና ነዎት? መጽሐፋችንን ልጆቹ ሁሉ እየጠቀሱት ነው አሉ!» ይለኛል። መጽሐፋችን ይላል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ባሌ አጠገቤ ቆሞ ኮፍያውን ያነሣለታል።

ስሙን ያልጻፍሁት ስለዚህ ነው። የእሱ ስም ባረፈበት ገጽ ከሥሩ ያለው ሁሉ የእሱ እንደሚሆን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የአባቴንም አልጻፍሁም። ከመምህራቸው ጋር ብጽፋቸው አንባቢ ታሪኩን ይዞ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል፤ እዚያ ግርጌው ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ከእሱ ሰረቁ የሚባሉት አባቴ ይሆናሉ። የማልሁት ደግሞ ያ እንዳይሆን ነበር።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ራሴ ተይቤ፣ ጌጡን ሁሉ አውልቄ፣ ፊደል ብቻ አድርጌ ሰጥቻለሁ። ገጽ ለሚያዘጋጁትም ነግሬያቸዋለሁ፤ ግርጌው ባዶ ይሁን። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ዝኒ ከማሁ ሊል ቢፈልግ፣ የእኔ ገጽ ላይ የሚንጠለጠልበት ስም አያገኝም።